ሽታ የሌለውን የሚያሸት

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ የትነበርሽ ዓመት ሙሉ የለፋችበት መሣሪያ ከክብሪት ቤት አይበልጥም። ዋናው ነገሩ የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ሽፋን ናት። ሥራው ሃይድሮጂን ጋዝ ሲያገኝ መጮህ ነበር፤ መጀመሪያ ግን ለሽቶውም ለአልኮሉም እየጮኸ አሳቃት፣ ኋላም አስለቀሳት። በመጨረሻ ሽፋኗ ላይ ለዓይን የማይታዩ የፓላዲየም ብረት ብናኞች ነሰነሰችባት። ያን ጊዜ አደብ ገዛ። መምህሯ ግን ከቤተ ሙከራ ውጭ ፈትናው እንድትመጣ አዘዟት።

ቅዳሜ ጧት ከጎንደር ማኪና ተሳፍራ ኮሶዬ ወጣች። አጎቷ አያ ሙሉሰው እዚያ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላቸው። መብራታቸው ከጣሪያው ሶላር ነው፤ አራቱ ትልልቅ ባትሪዎች ከጓዳው አጠገብ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ተደርድረዋል። ብርድ እንዳይጎዳቸው ብለው አያ ሙሉሰው ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወትፈውታል። ክፍሏ አምፖል ስለሌላት ውኃ ሊጨምሩባቸው ሲገቡ ሻማ ያበራሉ።

የትነበርሽ በሩን ከፍታ መሣሪያውን እንዳስገባች ጮኸ።

አያ ሙሉሰው ተበላሽቷል ብለው ተከራከሩ፤ የእሳቸው አፍንጫ ምንም አልሸተተውም። ተቀብለዋት ወደ ውጭ አወጡት፤ ዝም አለ። ጓዳ ገብተው ከጭሱ አጠገብ ያዙት፤ የጋዙን መጠን የሚያሳየው ቁጥር ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ተመለሰ። አረቂ ቀድተው ደቀኑለት፤ ሊበሉ የተቀመጡት እንግዶች ሳቁ፤ መሣሪያው ግን ወይ ፍንክች። ወደ ባትሪዎቹ ሲመልሱት እንደገና ጮኸ።

«ምነው እዚህ ብቻ?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ያወጣል፣ አያ። ሽታም ቀለምም የለው። ፓላዲየሙ ይሰነጥቀውና ለሽፋኗ ያቀብላታል፤ የተሰነጠቀው ሃይድሮጂንም እዚያ የተለጠፈውን ኦክሲጅን ያነሳዋል። ያኔ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ይከፈትለታል፣ መሣሪያውም ይጮሃል። ጋዙ ከበዛ ደግሞ አንዲት ሻማ ቤቱን ለማፈንዳት ትበቃለች።»

አያ ሙሉሰው ሻማቸውን ከመደርደሪያው አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ጨርቁን ይነቃቅሉ ጀመር። የኮሶዬ ነፋስ እየተጋፋ ገባ፤ የትነበርሽም ቁጥሩ ሲወርድ ደብተሯ ላይ እየመዘገበች ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ዜሮ ሲደርስ እንግዶቹ አጨበጨቡ። አያ ሙሉሰው ግን በዚህ አልረኩም፤ ዲጅኖ አምጥተው ጋዙ እንዲወጣ ከጣሪያው ሥር ግድግዳውን በሱት።

ልትሄድ ስትነሳ መሣሪያውን ቦርሳዋ ውስጥ አጣችው። ለካ እሳቸው ከባትሪዎቹ በላይ ምስማር መትተው ሰቅለውታል።

«ሸጋ ነገር ነው፤ እዚሁ ይሁን» አሏት።

ሰኞ መምህሯ መሣሪያው የታለ ሲሏት፣ የመዘገበችውን ቁጥር ሁሉ ዘርግታ አሳየቻቸው።

«እሱስ ኮሶዬ ሥራ ይዟል» አለች።