ሣህሌ ያበላሸው ሠርግ

መጀመሪያ የሰማው ሳቋን ነው። የጋሽ ፍቅሩ ቪዲዮ ቤት በቀትርም ቢሆን መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ስለሚጋረድ ጨለማ ነው፤ ሣህሌ ግን የብርቅዬን ሳቅ ከመቶ ሰው ሳቅ መሀል ለቅሞ ያወጣዋል። ልቡ ዘለለ። ወዲያው ከአጠገቧ የወንድ ሳቅ ተከተለ።

ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ አየው፤ ዘንድሮ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው መምህር ተክለጻድቅ! ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎላታል።

ሣህሌ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማይክ ጨብጦ፣ የፈረንጅ ፊልም ለተመልካቹ በአማርኛ የሚተረጉም ልጅ ነው። የእንግሊዝኛው ነገር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ የጎደለውን ከሆዱ እየሞላ ቦንጋን ሲያስቅና ሲያስለቅስ ኖሯል። የዛሬውን ፊልም የመረጠው ራሱ ነው። አንድ የአውቶቡስ ሾፌርና አንዲት ፀጉር ሠሪ እየዘፈኑ ይፋቀራሉ፤ ዘፈኖቹም መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት ዓመት ሙሉ የሚያስጮኻቸው የድሮ የፈረንጅ ዘፈኖች ናቸው። ብርቅዬን "እሁድ ነይ፣ ላንቺ ነው የምተረጉመው" ብሏት ነበር። ሾፌሩ ልጅቷን ለጋብቻ ሲጠይቃት፣ ሣህሌ በሾፌሩ አፍ የራሱን ሊናገር አስቧል።

መጣችለት፤ ብቻዋን ግን አልመጣችም።

ቤቱ በደስታ ይናወጣል። ቃሉን የሚያውቅ ባይኖርም ዜማው የሁሉም ነው፤ "ላላላ" እያለ የማያጨበጭብ የለም። መምህሩ ግን ከነቃሉ ይዘፍናል፤ ያውም ወደ ብርቅዬ ጆሮ ጎንበስ ብሎ። ሣህሌ ማይኩን አንገት እንደሚያንቅ ሰው አጥብቆ ያዘው።

ሾፌሩ አበባ ይዞ ተንበረከከ።

"ምን አላት?" አሉ የሻይ ቤቷ እትዬ የሺሃረግ፣ ከፊት ወንበር።

"ሚስት አለችኝ አላት" አለ ሣህሌ። "አገሩ ላይ። ልጆችም አሉት።"

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

"ቀለበት እያወጣ?" አለ አንዱ።

"የሚስቱን ቀለበት ነው የሚያሳያት። ከሩቅ የመጣ ሰው እንዲህ ነው፤ እየዘፈነ ያታልላል።"

በቴሌቪዥኑ ውስጥ ልጅቷ እየሳቀች ሾፌሩ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ይጨፍር ጀመር።

"ባለ ሚስት ነኝ ላላት ነው እንዲህ የምትስመው?" ሲል ከኋላ አንዱ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ኧረ ሣህሌ፣ ሠርጉን አታበላሽብን!"

"ተዉት" አሉ እትዬ የሺሃረግ፣ "እሱ ልቡ ሌላ ፊልም እያየ ነው።"

መምህሩ ብቻ አልሳቀም። ብርቅዬ ዞር ብላ አየችው፤ ቀጥሎ ሣህሌን አየችው። ጃኬቱን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ተነሣች። በቴሌቪዥኑ ፊት ስታልፍ ጥላዋ ጨፋሪዎቹን ጋረዳቸው። ሣህሌ ማይኩን ዝቅ አድርጎ "ብርቅዬ" አለ። አልቆመችም። የበሩን መጋረጃ ገለጥ ስታደርገው የውጭው ብርሃንና የዝናብ ድምፅ አብረው ገቡ፤ መጋረጃው ከኋላዋ ሲወድቅ አብረው ጠፉ።

"ምን አለች?" አሉ እትዬ የሺሃረግ፣ ወደ በሩ እያዩ።