ከይማም ቤት በታች

፩

«አመዱን በአካፋ ጠርጋችሁ ድፉት» አሉ ፕሮፌሰር ልሳኑ። «እኛ የምንፈልገው ከሥሩ ነው።»

ይህን ብለው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ቁፋሮው ለእኔ ቀረ።

ከሥሩ ያለው የጥንት ግንብ ነው፤ ሁለት ሺህ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ከላዩ ያለው በደርግ ጊዜ የተቃጠለ ጎጆ።

፪

የሙያችን ሕግ አጭር ነው። ከታች ያለው የቀደመ፣ ከላይ ያለው የዘገየ። የታችኛውን ለማየት የላዩን ታፈርሳለህ። ያፈረስከውን መልሰህ አትሠራውም።

ዕድሜዬን ሙሉ አፈረስኩ።

ደከመኝ።

፫

የመሬቱ ባለቤት ወይዘሮ ዘምዘም ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ተጣሩ።

«ልጄ፣ ያ አመድ እኮ ቤታችን ነው። ወንድሜ ይማም እዚያው ውስጥ ነበር። እሳቱ ሲበርድ ልንፈልገው ብንመጣ ወታደሮቹ አባረሩን። እስከ ዛሬ መቃብር የለውም።»

«አላወቅንም፣ እማማ።»

«ለጥንቶቹ አፈሩን በወንፊት ትነፉላቸው የለ?»

«አዎ።»

«ሰው ከሞተ ስንት ዓመት ሲሞላው ነው የሚነፋለት?»

፬

መልስ፦

 

(ባዶውን የተውኩት ረስቼ አይደለም። የተማርኩባቸውን መጻሕፍት ሁሉ በልቤ አገላበጥኩ። የለም።)

፭

አካፋዎቹን አስቀመጥን። ብሩሽና ወንፊት አነሳን። ፕሮፌሰሩ ደወሉ።

ፕሮፌሰር፦ ግንቡ ጋ ደረሳችሁ?

እኔ፦ አመዱን እየነፋን ነው።

ፕሮፌሰር፦ ክረምት ሊገባ ነው እኮ! ያ ጥንት አይደለም።

እኔ፦ ለእህቱም ጥንት አልሆነላቸውም።

ዘጉት።

፮

ነፋን።

የድስት ገል። የቀለጠ ፋኖስ። የበር ማጠፊያ።

ነፋን።

ነፋን።

ዝናቡ ቀደመን። ግንቡን ሳናየው የቁፋሮው ጊዜ አለቀ። ለከርሞ ሥራውን ሌላ ሰው እንደሚመራው ተነገረኝ። አልተከራከርኩም።

፯

በመጨረሻው ቀን ወንፊቱ ላይ አንድ አጥንት ቀረ። ጣት የሚያክል፣ እሳት ያጠቆረው። አገላበጥኩት።

የፍየል ነው። ይህን ለመለየት ሁለቴ ማየት አያስፈልገኝም፤ እንጀራዬ ነው።

ቀና ስል ወይዘሮ ዘምዘም አጠገቤ ቆመዋል። አዲስ ነጭ ጨርቅ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው የመንደሩ ሼህና ጎረቤቶቻቸው ይጠብቃሉ።

«ለከፈኑ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ጨርቁን እየዘረጉ። «እሱ ነው?»

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን ያየሁትን ብቻ ጻፍኩልህ። ከዚህ በኋላ ያለውን ስንት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት።

አጥንቱ መዳፌ ላይ ነው።

«እማማ» አልኳቸው፤ «ይሄ