የጎደለችው የመጨረሻ ወረቀት

ፎስካ የመጽሐፉን ስፌት ልትፈታ ቢላዋ ስታነሳ ወንድሟ ቢያጆ ከጓዳው ወጥቶ፣ «ቆይ፣ እስቲ ይህቺን እዪ» ብሎ አንዲት አሮጌ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት።

መጽሐፉ እዚያው በሚኖሩባት ቬኒስ፣ ማተሚያ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የታተመ የጥንት ግሪኮች ኮሜዲ ነው። አባታቸው ሲሞት የመጻሕፍት ሱቁን ለቢያጆ፣ መጽሐፉን ለእሷ ተናዘዘ። ያኔ ፎስካ ወጣት ነበረች፤ መጽሐፉን ሸጣ ራቅ ባለችው ቦሎኛ ከተማ የራሷን ሱቅ ልትከፍት ቆርጣ ተነስታ ነበር። ገዢም አገኘች። ቢያጆ መጽሐፍ ጠራዥ ነውና የላላውን ስፌት አጥብቆ መለሰላት፤ ገዢው ገልጦ ሲቆጥር ግን የመጨረሻዋ ወረቀት የለችም። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሰብሳቢዎች ደግሞ ጉደኞች ናቸው፤ ከግሪክኛ አንዲት ፊደል የማያውቁት እንኳ አንድ ወረቀት ከጎደለ መጽሐፉን እንደ ተቦጨቀ ዳቦ ያዩታል። ሰውየው ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ፎስካም ጉድለቱ ከአባቷ ዘመን የመጣ መስሏት፣ በወንድሟ ሱቅ እየሸጠች የጎደለችውን ወረቀት ምትክ ስትፈልግ ፀጉሯ ሸበተ።

ሰሞኑን ግን ታከታት። መጽሐፉን ፈትታ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በመስታወት አስገብታ ልትሸጥ ወሰነች። በንግዱ የተለመደ ነው፤ ለጠራዥ ግን እርድ ነው። ቢያጆ ይህን ከሰማ ወዲህ የሚወደውን ሳርዲን እንኳ አልነካም።

«ከየት አገኘሃት?» አለችው።

«ከአንድ ጀርመን ገዛኋት። ምን ትመረምሪኛለሽ? ይኸው መጽሐፍሽ ሞላልሽ።»

ወረቀቷን በቦታዋ አስገባቻት። ደስታ እንባዋን ሊያመጣው ደርሶ ነበር። ያኔ ነው ቀዳዳውን ያየችው። የመጽሐፉን የኋላ ወረቀቶች ብል በስቷቸዋል፤ ቀዳዳው ከወረቀት ወረቀት እየጠበበ ይሄዳል። በዚህችም ወረቀት ላይ ቀዳዳ አለ፤ እዚያው ቦታ፣ ከፊተኛው ጥቂት የጠበበ። መርፌ ብትሰድበት ሁሉንም አልፎ ይወጣል። የትኛውም ብል አንዱን መጽሐፍ ጀምሮ ጀርመን አገር ያለውን አይጨርስም። ፎስካ ክው አለች።

«ይቺ ወረቀት ከዚሁ መጽሐፍ የወጣች ናት» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ቢያጆ አቀርቅሮ ጣቶቹን አሻሸ። «አንቺ ከሄድሽ ብቻዬን ምን ልሆን ነው ብዬ…»

«ዕድሜዬን በሙሉ?»

«ደህና ነበርን እኮ። አብረን በላን፣ አብረን ጠጣን። ምን ጎደለሽ?»

«ታዲያ ዛሬ ለምን አወጣሃት?»

«ልትበታትኚው ነዋ» አለ፣ ጥያቄው ግራ ገብቶት። «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲበታተን ቆሜ ልይ?»

ሳታስበው ቢላዋውን አነሳች። ቢያጆ ዘሎ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ መጽሐፉ ላይ ተኛበት። ለእሷ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሆኖላት አያውቅም። ከስርቆቱ ይልቅ ይሄ አስደነገጣት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ወረቀቷን መልሰህ ስፋት» አለችው። «ስትጨርስ መጽሐፌን ይዤ ቦሎኛ እሄዳለሁ።»

ቢያጆ እፎይ ብሎ ተነሳ። ሰም የተቀባ ክር ፈልጎ በመርፌው ቀዳዳ አስገባ። ከዚያ ቀና ብሎ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጠየቃት፦

«ለእራት ትመለሻለሽ አይደል?»