በግድግዳው በኩል

ባለቤቴ ከሥራ የሚገባው እኔ ለሥራ ስወጣ ነው። እሱ ዳቦ ቤት ሲጋግር ያድራል፤ እኔ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ደም ስመረምር እውላለሁ። ጠዋት በር ላይ እንተላለፋለን፤ ማታ እራት አብረን እንበላለን፣ ትንሽ እንጫወታለን፣ ከዚያ ይወጣል። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ስለማይጠፋ "ዱቄቴ" እለዋለሁ። እሱ "አጉሊ" ይለኛል፤ ሸሚዙ ላይ ያለችውን ጠብታ ከደጃፍ ሆኜ ስለማይ፣ አጉሊ መነጽር ለማለት ነው።

የተዋወቅነው በደም ነው። እጁን ምድጃ አቃጥሎት ሆስፒታል መጣ፤ ምርመራም ታዘዘለት። የመጀመሪያው ናሙና ረጋብኝ፣ ሁለተኛው ተበላሸ። እንደገና ስጠራው እጅጌውን እየሰበሰበ፣ "እህቴ፣ የምትፈልጊው ደሜን ነው ወይስ እኔን?" አለኝ።

"ለጊዜው ደምህን" አልኩት። በማግስቱ ትኩስ ዳቦ ይዞ ላብራቶሪው መስኮት ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ወደዚህ አገር የመጣው ለአጭር ሥልጠና ነበር። እኔ ግን በልጅነቴ መጥቼ ያደግኩበት፣ ዜግነትም ያገኘሁበት ነው። ከተጋባን በኋላ የትዳር አጋር ቪዛ ማመልከት ነበረብን። "ይመለስና ከዚያ ሆኖ ያመልክት፤ ያው ነው" ያሉን ሰዎች ነበሩ። ያው አይደለም። ውጭ ሆኖ ያመለከተ ውጭ ሆኖ ይጠብቃል፤ በእርግዝና ጊዜ ተለያይተው ልጁ በእግሩ ሄዶ አባቱን የተቀበለበት ቤት አውቃለሁ። እዚሁ ሆኖ ያመለከተ ግን ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ጊዜያዊ ፈቃድ ይዞ ይቆያል፤ ይሠራልም። ይህን ያስረዳን ጠበቃ አንድ ነገር ጨመረ፦ "ትዳሩ የይስሙላ ነው ብለው ከከለከሉ ግን አገር ለቆ ይወጣል። ተመልሶ ልግባ ሲልም ያ ክልከላ ከፊቱ ይቆማል።"

ዱቄቴ ሳቀ። "የይስሙላ ብትሆን ኖሮ በሸሚዝ ጠብታ ትነዘንዘኝ ነበር?"

ጠበቃው አልሳቀም።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራን። እሱን አንድ ክፍል፣ እኔን ሌላ ክፍል አስገቡን። የእኔ መርማሪ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ስለ ሠርጉ ጠየቁኝ፣ ስለ አማቼ ጠየቁኝ፣ ማን ምግብ እንደሚያበስል ጠየቁኝ። ሁሉንም በሚገባ መለስኩ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እሱም ደስ ብሎት ወጣ። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው እየሄድን መልስ እንደሚያመሳክሩ ተማሪዎች አንድ በአንድ ጀመርን።

"አልጋ ላይ በየት በኩል ትተኛለህ አሉኝ" አለ።

"እኔንም ጠይቀውኛል። ምን አልክ?"

"በግድግዳው በኩል።"

ቆምኩ። "እኔም በግድግዳው በኩል ነው ያልኩት።"

"ታዲያ ልክ ነው። አንቺም በግድግዳው በኩል ነው የምትተኚው።"

"ዱቄቴ፣ ሁለት ሰው በአንድ በኩል አይተኛም።"

"እኛ እንተኛለን።"

እውነቱን ነው። እሱ ቀን ይተኛል፣ እኔ ሌሊት። አልጋችን ጠባብ ነው፤ በውጭ በኩል ያለው ጎኑ ደግሞ ወደ ታች ያንሸራትታል። ስለዚህ ባለተራው ግድግዳውን ተጠግቶ ይተኛል። የእረፍቱ ሌሊት ስትመጣ እንኳ እንቅልፍ እንቢ ስለሚለው ሶፋው ላይ ቴሌቪዥን እያየ ያነጋል።

"በፈረቃ እንደምንተኛ ነገርካቸው?" አልኩት።

"አልጠየቁኝም። አንቺስ?"

እኔም አልነገርኳቸውም። ላብራቶሪ ውስጥ ስኳር ይመርመር ከተባለ ስኳር ጽፈህ ትመልሳለህ፤ ስለ ኩላሊቱ የጠየቀህ የለም። በዚህ ልማዴ ስመሰገን ኖሬያለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ዱቄቴ ትከሻዬ ላይ ራሱን ጥሎ፣ "አይዞሽ፣ ብንለያይም እኮ ለውጡ ያን ያህል አይታወቀንም" አለ። በክርኔ ጎሸምኩት። እንደ ፈራ ግን ገባኝ፤ ሲፈራ ነው የሚቀልደው።

ብዙም ሳይቆይ መርማሪ ቤታችሁን ያያል የሚል መልእክት መጣ። ይህን ለእቴቴ ነገርኳት፤ ስህተቱም የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

እቴቴ አክስቴ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ። አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የመኝታ ክፍሎች ኃላፊ ናት። አንሶላ ላይ ሳንቲም ወርውራ ካልነጠረ አልጋ እንደገና የምታስነጥፍ ሴት ናት። ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ ሻርፗን አጠበቀች።

"እህል ውሃችሁ እዚህ ነው፤ በአልጋ ምክንያት አያልቅም። ቤቱን ለእኔ ተዉት። የባልና ሚስት ክፍል ማሰናዳት እንጀራዬ ነው።"

"እቴቴ፣ እኛ እኮ በእውነት ባልና ሚስት ነን" አልኳት።

"ነው እንጂ። ግን አትመስሉም።"

የቀጠሮው ቀን እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ እሱም እንቅልፉን ቆርጦ ከጠበቃው ጋር ተነጋግረን ስንመለስ የገዛ በራችን ላይ ቆመን ቀረን። ዱቄቴ ቀን እንዲተኛ መስኮቱ ላይ የቸነከርነው ጥቁር ብርድ ልብስ ወርዷል። የሥራ ልብሱ ከመታጠቢያ ቤቱ ሽቦ ላይ ጠፍቷል። ፎጣዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠቅልለዋል። የሠርጋችን ፎቶ በትልቁ ታጥቦ ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል። አልጋው ከግድግዳው ተነሥቶ የክፍሉ መሃል ላይ ቆሟል፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ ከራስጌው ሁለት አዳዲስ ትራሶች።

"ጠላታችሁ ግድግዳው ነበር" አለች እቴቴ። "አስወገድኩት።"

"እቴቴ፣ ክፍሉ ስንት ነው የሚከራየው?" አላት ዱቄቴ። "ቁርስንም ይጨምራል?"

"ሂድ ከዚህ፣ አንተ ዱቄታም። ይልቅ ፊትህን ታጠብ።"

እንደነበረ ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። በሩ ተንኳኳ። የመጡት እነዚያው መነጽር ያንጠለጠሉት ሴት ነበሩ።

"አክስቷ ነኝ" አለች እቴቴ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች። "በአጋጣሚ ነው ብቅ ያልኩት።"

መርማሪዋ አንገታቸውን ነቀነቁና መነጽራቸውን አደረጉ። ቸኩለው አላዩም። የትራሱን ልብስ ሲያዩ እኔም አየሁ፤ ከማሸጊያው የወጣበት የመታጠፊያ መስመር እንዳለ ነው። ነጠላ ጫማዎቹን ገለበጧቸው፤ ሶላቸው መሬት ነክቶ አያውቅም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዱና ጎንበስ አሉ። ምንጣፉ ላይ አልጋው ለረጅም ጊዜ የቆመበት የአራት እግር ጉድጓድ አለ። እኔ ብሆንም መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።

"ሁለታችሁም በግድግዳው በኩል እተኛለሁ ብላችኋል" አሉ። "አልጋው ግን ግድግዳ የለውም።"

እቴቴ ፈጠን ብላ፣ "ሻይ ይጠጣላ" አለች። "አፍልታችሁ ስጧቸው እንጂ።"

ሁለታችንም እኩል ተነሣን። ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው እጁ የለመደውን ይሠራል። ሁለት እርምጃ ተራምደን፣ ሁለታችንም እኩል ጎንበስ ብለን፣ የኦቭኑን እጀታ አብረን ያዝንና ከፈትነው። ትኩስ እንፋሎት ፊታችንን መታን። ውስጡ አንድ ሙሉ ዶሮ ይጠበሳል።

"ዶሮዬን! ዝጉት!" አለች እቴቴ።

መርማሪዋ ከኋላችን መጥተው ነበር። "ኦቭኑን ለምን ከፈታችሁት?"

"ለኩባያ" አልን፣ አንድ ላይ።

"ለኩባያ?"

"ሌሊቱን ሙሉ እሳት ፊት ነው የማድረው" አለ ዱቄቴ። "እቤቴ ደግሞ የጋለ ኦቭን ማየት አልችልም። ስንጋባ ይህን ነገር አንለኩሰውም አልኳት። እሷም ባዶ ቦታ አትወድም፤ ኩባያ መደርደሪያ አደረገችው።"

"ኩባያዎቹስ የት አሉ?"

ተያየን። "አናውቅም" አልኩ።

"ላይኛው ቁም ሳጥን ውስጥ" አለች እቴቴ በቀጭን ድምፅ። "ሰው ኩባያ ኦቭን ውስጥ ያስቀምጣል? ያየ ሰው ምን ይላል ብዬ እኮ ነው።"

ጠበቃው ያለው ቃል ትዝ አለኝ። የይስሙላ። ቤቱን ለምርመራ አሰናድተነዋል ብዬ ብናገር፣ በራሴ አፍ ያንን ቃል ማጽደቄ ነው። ዝም ብል ደግሞ ሴትየዋ ያዩትን ይዘው ይሄዳሉ፤ ያዩት ደግሞ ያልተረገጠ ጫማ ነው። ዱቄቴን አየሁት። ላቡ ከቅንድቡ ላይ ይንጠባጠባል፤ አልቀለደም። የሚቀልድበት ጉልበት አጥቶ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ አንጀቴን በላው።

"እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ" አልኳቸው። "ናሙና ከተበላሸ ውጤት አንጽፍበትም፤ እንደገና እንወስዳለን። ያዩት ቤት የእኛ አይደለም። አክስቴ ለእርስዎ ብላ ያሰናዳችው ነው። በአንድ አልጋ፣ በአንድ በኩል ነው የምንተኛው፤ እሱ ቀን፣ እኔ ሌሊት። ያን ዕለት ይህን መንገር ነበረብኝ፤ አልጠየቁኝም ብዬ ተውኩት። እባክዎ እንደገና ይዩን።"

እቴቴ አፏን በሽርጧ ሸፈነች። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ" አለች። "እመቤቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጆቹን አይቅጡብኝ።"

መርማሪዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እንግዲያው እንደነበረ መልሱት" አሉን።

መለስነው። ዱቄቴ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ሆነን አልጋውን ገፋነው፤ እግሮቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገቡ። ከአልጋው ሥር የተወሸቀውን አሮጌ ትራስ አወጣሁ፤ አዲሶቹን ለእቴቴ አቀበልኳት። የሥራ ልብሱን ከፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አግኝቶ አራገፈው፤ ዱቄቱ ቦነነ፣ እኔም እንደ ልማዴ፣ "መስኮት ሳትከፍት አታራግፍ አላልኩህም?" አልኩት።

"ዛሬ እንኳ ብትተዪኝ ምናለ፣ አጉሊ? እንግዳ ፊት።"

"እንግዳዋም ይተነፍሳሉ።"

ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ ሰቀልነው። እሱ ያነሣል፣ እኔ ሳይጠይቀኝ ሚስማሩን አቀብላለሁ። በመጨረሻው ሚስማር ክፍሉ ጨለመ። መርማሪዋ ጨለማው ውስጥ እንደተቀመጡ፣ "በዚህ ዓይነት፣ አብራችሁ የምትሆኑት መቼ ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ማታ፣ ሳይወጣ" አልኩ።

እቴቴ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ዱቄቴ ጣሪያውን አየ። መርማሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው አንገታቸው ላይ ለቀቁት፤ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ያየሁ መሰለኝ፤ ጨለማ ስለነበር ግን አላረጋግጥም። ሻያቸውን ጠጥተው፣ ከዶሮው ግን አልቀምስም ብለው ሄዱ። እንደሚፈቀድም እንደሚከለከልም አልነገሩንም።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። እቴቴ በየቀኑ እየደወለች፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ትለኛለች፤ ዱቄቴ ደግሞ፣ "ንጋት ላይ ሁሌ ሥራ ላይ ስለሆንኩ አላውቀውም በያት" ይላል። ዳቦ ሲጋግር እጁን ዳግመኛ አቃጠለ። እኔ አንድ ናሙና ላይ ስም አሳሳትኩ፤ ከዚያ በፊት ሆኖብኝ አያውቅም።

ውሳኔው ሥራ ላይ እያለሁ ከቀትር በኋላ ስልኬ ላይ መጣ። ሁለቴ አነበብኩት። አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ለእቴቴ ደወልኩላት። ስትሰማ መጀመሪያ እልል አለች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ቆጣ አለች።

"ነገርሽው?"

"ተኝቷል።"

"ቀስቅሺው እንጂ! ምን ዓይነቷ ነሽ?"

"ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ነው እቴቴ። የተፈቀደው እስኪነሣ አይሰረዝም።"

ቤት ስገባ ጨለማው ውስጥ ትንፋሹ ይሰማል። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ሰዓት ቤት እምብዛም ስለማልገኝ እንዲህ ተኝቶ በደንብ አይቼው አላውቅም። አፉን በትንሹ ከፍቶ ይተኛል። አንድ እጁን ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው ጨብጧል። አንዳንዴ ያንኮራፋል፤ ብዙም አይከፋም። ብዙ ነገር አየሁ።

በራሱ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። ሲያየኝ ቀና አለ።

"ምነው? አመመሽ?"

"አይ።"

"ከሥራ አባረሩሽ?"

"አይ። ዱቄቴ፣ ተፈቀደ።"

እግሩን ወደ ወለሉ አውርዶ ተቀመጠ፤ ጉልበቴን በሁለት እጁ ያዘና ግንባሩን አስደገፈበት። ቀልድ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ቆይቶ ቀና ሲል ፊቱ እርጥብ ነበር።

"የዳቦ ቤቱ ባለቤት በጊዜያዊ ፈቃድ ለሚሠራ ሰው ቀን ፈረቃ አይሰጥም ነበር" አለ። "አሁን ልጠይቀው?"

"እንደ ሰው ሌሊት ልትተኛ?"

"እንደ ሰው። ካልከበደሽ።"

"ስታንኮራፋ ሰምቼሃለሁ። እችለዋለሁ።"

እዚያው ቁጭ እንዳለ ደወለለት። የሰውየው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። እሰየው አለው፣ መረቀው፤ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ቀን ትገባለህ አለው። ከዚያ፣ "ዛሬ ግን ሳትረፍድ ና፤ ሊጡ ቪዛ አያውቅም" ብሎ ዘጋው።

ዱቄቴ ሳቀ። ያ የፍርሃት ሳቁ አልነበረም። ተነሥቶ ታጠበ፣ ለበሰ፤ እራት በላን። ሰዓቱ ሲደርስ ካፖርቴን አደረግኩ።

"የት ልትሄጂ?"

"እስከ ዳቦ ቤቱ ልሸኝህ።"

"ነገ ሥራ ገቢ አይደለሽ? ተኚ እንጂ።"

"እተኛለሁ። ምን አስቸኮለን?"

መንገዱ ላይ ሱቆቹ እየተዘጉ ነበር። ክንዴን ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ረጅሙን መንገድ መረጠ።