ከችካሉ ሥር

በእማማ ሐዲያ ግቢ ጥግ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሰፈሩን ጎርፍ ጭልጥ አድርጎ የሚጠጣ የድንጋይ ጉድጓድ አለ። ኢንጂነር ልደት ልትደፍነው ነበር። የምትሠራበት ድርጅት ለጎርፉ አዲስ ቦይ እንድታወጣ ልኳት፣ ክረምቱ ሳይገባ ተዳፋቱን ስትለካ ከርማለች። ቦዩ ከጀጎል ግንብ ሥር የሚወጣበትንም ቦታ መርጣ ኤረር በር አጠገብ ችካል ተክላለች።

«ለመሆኑ ይኼ ውሃ የት ነው የሚገባው?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«አላህ ያውቃል» አሉ እማማ ሐዲያ። «አያቴም አያውቁም ነበር።»

መልሱ አናደዳት። መውጫ የሌለው ውሃ ውሎ አድሮ የቤት መሠረት ይበላል። ዝናቡ ሲጀምር ሰው የማይጎዳ አረንጓዴ ቀለም በጥብጣ ጉድጓዱ ውስጥ ደፋች፤ የትም እንደማይወጣ በዓይናቸው እንዲያዩትም አሮጊቷን በጃንጥላዋ አስጠልላ ቁልቁል ወረደች።

ኤረር በር ሲደርሱ ቀጥ ብላ ቆመች። ከግንቡ ሥር፣ ስንጥቅ ነው ብላ ንቃ ባለፈችው የድንጋይ አፍ፣ አረንጓዴ ውሃ ይወርዳል። ድንጋይ አያንከባልል፣ አፈር አይሸረሽር፤ ረጋ ብሎ ይወርዳል። የሚወጣውም ሌላ ቦታ አይደለም፤ እሷው ከተከለችው ችካል ሥር ነው።

«ሱብሃነላህ» አሉ እማማ ሐዲያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ልደት ጫማዋ በአረንጓዴው ውሃ እየራሰ ወደ ችካሉ ተጠጋች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ችካሉን ነቀለች።

«ምነው ልጄ?»

«እዚህ ከእኔ በፊት የለካ ሰው አለ» አለች።