ከግንቡ ላይ የተፋቀው ስም

ቁጡ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲቀርጽ ከኖረ ሰው ለስላሳ ጠባይ የሚጠብቅ ካለ ሞኝ ነው። በጦርነቱ የሞቱትን ልጆች ስም በመታሰቢያው ግንብ ላይ አንድ በአንድ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። አንዲትን እናት የዋሸሁትም እኔው ነኝ።

ግንቡ በተመረቀ ማግስት መጡና የልጃቸውን ስም እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ማንበብ አይችሉም። ስሙ ያለው ደግሞ ከላይ፣ ያለ መሰላል የማይደረስበት መስመር ላይ ነው። ሊዳብሱት እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁኝ አንጀቴን በሉት። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በደረታቸው ትክክል ያለውን የሌላ ወታደር ስም ይኸውልዎ እማማ አልኳቸው። ይኸው ሰባት ዓመት፣ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ያንን ስም ይዳብሳሉ። በልቤ እማማ ሐሙስ ነው የምላቸው።

ባለፈው ወር ግንቡን ካሠራው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። ያ ወታደር ለካ ከጦር ሜዳ ሲሸሽ ነው የተገደለው። ግንቡ የጀግኖች ብቻ ስለሆነ ስሙ ይፋቅ ይላል። ተሟገትኩ፣ ጮህኩ፤ ማን ሰምቶኝ! አንተ እምቢ ካልክ ሌላ ሰው እንቀጥራለን አሉኝ። ያ ሌላ ሰው ደግሞ አጠገቡ ያሉትን ስሞች ሁሉ ሰነጣጥቆ ነው የሚሄደው፤ የሚቀጥሯቸውን አውቃቸዋለሁ።

ሐሙስን ጠብቄ እውነቱን ዘረገፍኩላቸው፤ ውሸቴንም፣ ደብዳቤውንም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን አልደነገጡም።

«የኔ እንዳልሆነስ አውቃለሁ» አሉኝ። «ገና በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ተማሪ አነበበችልኝ። የኔን ከላይ አሳየችኝ።»

ታዲያ ለምን እዚህኛው ጋ ይመላለሳሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይሄን ልጅ ብሎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። አሁን ገባኝ፤ እናቱ አፍራ ነው የቀረችው።»

በማግስቱ ፋቅኩት። እኔም ጀግና አይደለሁም፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ድንጋይ ሲፋቅ ግን እንዲሁ አይጠፋም፤ መዳፍ የሚያህል ጎድጓዳ ቦታ ይተዋል። ጽሕፈት ቤቱ ይሄን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። አሁን ግንቡን ሊያይ የሚመጣ ሁሉ ያን ሁሉ ስም አልፎ እዚያ ጋ ይቆማል። ሐሙስ ከሆነ የእማማ እጅ እዚያው ውስጥ ነው። የማን ስም ነበር ብሎ የሚጠይቃቸው አይጠፋም።

«የልጄ» ይላሉ።