ለክፉ ቀን የተሰጠ ቁጥር

የክሬን ኦፕሬተሯ በዚያ ጠዋት መሰላሉን ትታ ቀጥታ ወደ ቢሮ አመራች። የግንባታው ሠራተኞች «ወፊቱ» ነው የሚሏት፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው አናት በላይ ስለምትውል። ዛሬ ግን ወፊቱ ለመብረር አልፈለገችም። የአባቷ ስልክ ቁጥር ከዚያ የማይረባ ኮምፒውተር ላይ ሳይነሳ አንዲት ብረት አላነሳም ብላ ቆርጣ ነበር የመጣችው። እሷ ደግሞ አንዴ ከቆረጠች ቆረጠች ነው፤ የሚያውቃት ያውቃታል።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምረው። ድርጅቱ ሰሞኑን አዲስ የመደወያ ፕሮግራም አስገብቷል። የሠራተኛው ስም በኮምፒውተሩም በአለቆቹ ስልክም ላይ ይወጣል፤ ስሙን መንካት ብቻ ነው፣ ይደወላል። ደግ ነገር ነው፣ ማን ይጠላል? ችግሩ ቁጥሮቹን ከድሮው ፋይል ያዘዋወረው ሰው ነው። እጁ ይሁን ልቡ የት እንደነበር እንጃ፣ የሠራተኛውን የራሱን ስልክ ትቶ «አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት የቅርብ ዘመድ» ከሚለው ሥር ያለውን ቁጥር ለሁሉም አስገባላቸው። ጉድ እኮ ነው! ኤሌክትሪሺያኑ ሲፈለግ ሚስቱ ታነሳለች። በያጁ ሲፈለግ አማቱ ያነሳሉ። ፎርማኑ አንድ ቀን ማን እንዳነሳው ሳያይ «ሲሚንቶ መጥቷል፣ ሮጠህ ና» ቢል፣ የበያጁ አማት «ወገቤን እያመመኝ ነው ልጄ፣ ስንት ኩንታል ነው?» ብለው ጠየቁት አሉ። ሠራተኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ወፊቱ ግን አልሳቀችም። የእሷ የቅርብ ዘመድ አባቷ ናቸው፤ ከእሳቸው ሌላ ሰው የላትም። ታላቅ ወንድሟ ግንበኛ ነበር፤ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። ያኔ የአባቱን ቁጥር የያዘ ሰው ስላልነበረ ሽማግሌው የልጃቸውን ሞት የሰሙት ዳቦ ሊገዙ በተሰለፉበት፣ ከማያውቁት ሰው አፍ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ነበር። እሳቸው ናቸው የቀሩት። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ አንጀታቸውን ይበላቸዋል።

ልጅቷ ክሬን ልነዳ ነው ስትል አልከለከሏትም፤ ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች ያውቁታላ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ አንድ ነገር ከሆነች ከሰው ሁሉ በፊት ለእሳቸው እንዲነገር። እሷም ቁጥራቸውን ለድርጅቱ ሰጠች፣ የድርጅቱን ቁጥር ስልካቸው ላይ መዘገበችላቸው፣ ከዚያም «ይኼ ቁጥር ካልደወለ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ዝም ካለ እፎይ ብለህ ተቀመጥ» አለቻቸው። ሽማግሌውም ያንን ዝምታ ይዘው በሰላም ይኖሩ ነበር።

አሁን ዝም የሚል ስልክ ከየት ይምጣ? የነገ ፈረቃ ሲቀየር ይደወላል። ሬዲዮዋ ባትሪ ሲጨርስ ይደወላል። በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው ጺማቸውን እየላጩ ነበር። ወፊቱ ከላይ ሆና ቁልቁል ብታይ፣ ግማሽ ፊቱ የሳሙና አረፋ የሆነ ሰው በነጠላ ጫማ እየሮጠ የግንባታውን በር አልፎ ይመጣል። ማን እንደሆነ ስታውቅ ማሽኑን አቁማ በመሰላሉ ወረደች። እንደዚያ ፈርታ አታውቅም፤ ሐኪሙ «ልብዎ ድንጋጤ አይችልም» ካላቸው ቆይቷል።

ስህተት ነው፣ ሲደወል አታንሳ ብትላቸው፣ ስህተቱን ከእውነቱ በምን ልለይ ብለው መለሱላት። ትናንት ከሥራ ስትገባ ስልኩን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ ምሳቸው እንደተከደነ አገኘቻቸው። ያኔ ነው በቃኝ ያለችው።

ከዚህ በፊትም ዝም አላለችም። ጸሐፊዋን ለመነች፤ ጸሐፊዋ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው አለቻት። ዋናው መሥሪያ ቤት የፕሮግራሙ ሰዎች ናቸው አለ። የፕሮግራሙ ሰዎች ፈቃዱ በሥራ አስኪያጃችሁ እጅ ነው አሉ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ነገሩ ተስማምቶታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሕንፃውን በጊዜ አስረክብ ተብሎ ወጥሮ የተያዘ ሰው ነው። ሠራተኛው የራሱን ስልክ አልሰማሁም ብሎ ይተኛል፣ እናቱ ጋ ሲደወል ግን ሳይታጠብ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁም ሰው ከአለቃው ይደበቃል እንጂ ከእናቱ አይደበቅም እያለ ይፎክር ጀመር። ስህተቱን ሊያርመው ቀርቶ እንደ ጥበብ ቆጠረው።

ወፊቱ ገብታ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ቀና ሳይል ሚክሰር መኪናው በር ላይ መቆሙን፣ ኮንክሪቱ እንደሚደርቅ፣ ቶሎ እንድትወጣ ነገራት። እሷም የአባቷ ቁጥር ከሁሉም ሰው ዓይን ሳይሰወር እንደማትወጣ ነገረችው። ሥራሽን ታጪያለሽ ቢላት ሌላ ኦፕሬተር ካለዎት ያምጡ አለችው። ሌላ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ጸሐፊዋ አንገቷን ቀብራ የማትሰማ መሰለች።

ሰውዬው ተናደደ። ለአንዲት የስልክ ጥሪ ይኼ ሁሉ ግርግር ምንድነው አለ፤ ደውሎ ሰላም ማለት ሰው ይገድላል እንዴ አለ። «እስቲ አባትሽ ራሳቸው ይፍረዱን» ብሎ ስሟን ነካና ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ላውድ አደረገው። ወፊቱ «ተው!» ብላ እጇን ዘረጋች፤ ጠረጴዛው መሃል ገብቶ አልደረሰችም።

ስልኩ በቅጡ ሳይጠራ ተነሳ።

«ወደቀች?» አሉ ሽማግሌው። ሰላምታ የለ፣ ሃሎ የለ። ሥራ አስኪያጁ «አይ፣ አባቴ…» ሲል አቋረጡት። «አትሸፋፍንብኝ ልጄ፣ እኔ ችዬ እሰማለሁ። የት ነው ያስተኛችኋት? ፀሐይ ላይ እንዳትተዉአት። መጣሁ፣ እየመጣሁ ነው።»

ወፊቱ ጠረጴዛውን ዞራ ስልኩን ነጠቀች።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። ቆሜያለሁ። ምንም አልሆንኩም፣ በእግሬ ቆሜያለሁ።»

ከወዲያ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ፤ የሚቆራረጥ፣ ቀስ ብሎ የሚመለስ ትንፋሽ። ወፊቱ ትንፋሹ እስኪስተካከል የራሷን ይዛ ጠበቀች።

«ስንቴ ልቅበርሽ?» አሉ በመጨረሻ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ብቻ ነው።

ወፊቱ አለቀሰች። ሰው ፊት የማታለቅስ ሴት ናት፣ ግን አለቀሰች፤ እንባዋንም አልጠረገችውም። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ አመድ መስሎ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዞረና ስሟን ከፈተ። በቁጥሩ አጠገብ «ሰርዝ» እና «ደብቅ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ጣቱ «ሰርዝ» ላይ ሲያርፍ ወፊቱ እጁን ያዘችው። እንዳይሰረዝ፣ እንዲደበቅ ብቻ ነው የምትፈልገው አለችው። የራሷ ቁጥር ለሁሉም ይታይ፣ ቀን ከሌት ይደወልላት፤ የአባቷ ግን እሱና ጸሐፊዋ ብቻ በሚያዩት ቦታ ይቀመጥ። ከጠፋማ ሽማግሌው ዳግመኛ ዳቦ ሰልፍ ላይ ሊሰሙት ነው።

ሰውዬው ጣቱን አንስቶ «ደብቅ» የሚለውን ነካ። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ የሁሉንም ሠራተኛ ዘመዶች ቁጥር እንዲሁ እንድታደርግ አዘዛት፤ የበያጁን አማት ሳይቀር፣ ዛሬውኑ፣ ሌላ ሥራ ሳትነካ። ሚክሰሩ በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ዞር ብሎም አላየው። ስልኩን ከወፊቱ እጅ ለምኖ ተቀበለ።

«አባቴ» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለተኛ ለሥራ ብሎ የሚደውልልዎ ሰው አይኖርም። ከእንግዲህ ከዚህ ቢሮ ከተደወለልዎ…»

ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የቱ እንደሆነ ሲገባው መጨረስ አቃተው። ወፊቱን አያት፤ ልትረዳው አልፈለገችም።

«ገባኝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «እንግዲያው እንዳትደውልልኝ አድርገህ እሷን ጠብቅልኝ።»

ስልኩን እሳቸው ቀድመው ዘጉት። ሥራ አስኪያጁ ግን ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ «እሺ አባቴ፣ እሺ» ይል ነበር።